ስሙ የጠፋ አሮጌ እንጨት እንዴት ይታወቃል?

ከዙሪክ ሰሜናዊ ክፍል፣ ከኦርሊኮን፣ በባቡር ወደ ስታደልሆፈን የሚጓዝ መንገደኛ ከጣቢያው ወጥቶ ጥቂት እንደተራመደ በኦፔራ ቤቱ ፊት ሰፊ አደባባይ ያገኛል። ከአደባባዩ ሥር የመኪና ማቆሚያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ለማቆሚያው መሬቱ ሲቆፈር፣ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ከጭቃው ውስጥ የእንጨት ሥራ አወጡ። ከ5 ሺህ ዓመት በላይ የቆየ በር ነበር።

በር መሆኑን የመሰከረው በደህና የተረፈው ማጠፊያው ነው። አሮጌ ዕቃን ለመለየት ከዕድሜው በፊት ሥራው ይጠየቃል፤ ሥራው ደግሞ በፋቂው ቦታ ይነበባል። ከጎተራ የወጣ ጠማማ እንጨት ሁለት ቦታ ላይ በበሬ ጫንቃ ለዝቦ፣ መካከሉ በምራን ተሞርዶ ከተገኘ፣ እርሻ አይቶ ለማያውቅ የከተማ ልጅ እንቆቅልሽ ቢሆንም፣ ቀንበር ነው።

ዕድሜውን የሚናገሩት የግንዱ ቀለበቶች ናቸው። አራቱ ወቅቶች በሚፈራረቁበት አገር ዛፍ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል፤ በምቹ ዓመት ሰፊ፣ በክፉ ዓመት ጠባብ። የስፋትና የጥበት ቅደም ተከተሉ በአንድ አካባቢ ዛፎች ላይ ስለሚመሳሰል፣ ከዛሬው ዛፍ ወደ አሮጌ ቤት ወራጅ፣ ከወራጁም በሐይቅ ወደ ተቀበረ ምሰሶ እየተያያዘ ወደ ኋላ ይቆጠራል። የዙሪኩ በር በዚህ ስሌት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3063 ዓመት ገደማ እንደተሠራ ተገምቷል። ዛፉ የተቆረጠበትን ዓመት በትክክል ለማወቅ ግን ከልጡ ሥር ያለው የመጨረሻው ቀለበት ያስፈልጋል፤ አናጢ ጠርቦ ከጣለው፣ ወይም የዛሬ ባለቤት «ላሳምረው» ብሎ ከላገው፣ ያ ዓመት አብሮ ይሄዳል።

እንጨቱ ሳይበሰብስ የቆየው ውኃ የጠገበው ጭቃ ኦክስጅን ስለነፈገው ነው። ከወጣ በኋላ ዝም ብሎ ቢደርቅ ይሰነጠቅና ይኮማተር ነበር፤ ስለዚህ በልዩ ፈሳሽ ይዘፈዘፋል።

በኢትዮጵያ ሥራው ይከብዳል። በልግና ክረምት በሚዘንብባቸው አካባቢዎች ጽድ በአንድ ዓመት ከአንድ በላይ ቀለበት ሊሠራ ስለሚችል ቆጠራው ያሳስታል። ያኔ የሚረዳው የራዲዮካርቦን ምርመራ ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚሰጠው የዘመን ክልል እንጂ ቁርጥ ያለ ዓመት አይደለም።

እንዲህ ያለ ዕቃ በእጁ የገባ ሰው ከማጠብ፣ ከመላግና ዘይት ከመቀባት ይቆጠብ። ፎቶ ያንሳው፣ ይለካው፣ የተገኘበትን ስፍራ ይጻፍ፤ በአካባቢው የተጠቀሙበት አዛውንት ካሉም ምን ብለው እንደሚጠሩት ጠይቆ ይመዝግብ።