ትልቅ ዔሊን በረጅም መንገድ ስለ ማጓጓዝ

(ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት)

መግቢያ

በስምጥ ሸለቆና በምሥራቅ ቆላ በሚገኙ ከተሞች፣ በአንዳንድ ግቢ ዔሊ ከቤተ ሰቡ ጋር ስትኖር ትታያለች። በደንብ የተያዘች ዔሊ ከ50 ዓመት በላይ ስለምትኖር፣ በልጅነት ያገኛት ሰው የልጅ ልጅ እስኪያይ ድረስ አብራው ልትቆይ ትችላለች። ስለሆነም ቤተ ሰቡ በሥራ ዝውውር ወይም በሌላ ምክንያት አገር ሲለቅ፣ ከአልጋውና ከሣጥኑ ጋር ዔሊዋም ትሂድ ይባላል። ዕቃውን የሚጭነው ብዙ ጊዜ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መኪና ነው፤ ምክር የሚጠየቀው ደግሞ የልማት ሠራተኛው ነው። ስለ ከብትና ስለ ዶሮ እንጂ ስለ ዔሊ በትምህርት ቤት የተማርን ጥቂቶች በመሆናችን፣ የምንሰጠው መልስ «በጆንያ ቋጥራችሁ ጫኗት» የሚል ሆኖ ይቀራል።

ይህንኑ ምክር እኛም አንድ ጊዜ ሰጥተን ነበር። 20 ኪሎ ያህል የምትመዝን ዔሊ በጆንያ ተቋጥራ፣ በጀርባዋ ተጋድማ፣ ከሸራ ሥር በጭነቱ አናት ላይ ሆና ከአርባ ምንጭ ወደ አዲስ አበባ ተላከች። ሾፌሩ ባቱ (ዝዋይ) ላይ ለምሳ ሲቆም መኪናው ፀሐይ ላይ ቆመ። አዲስ አበባ ሲደረስ ዔሊዋ ሞታ ተገኘች። ሰዎቹ መንገዱ አንገላቷት ነው አሉ። መንገዱ አልነበረም፤ አጋደሟና የምሳው ሰዓት ነበር። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ያ ስሕተት እንዳይደገም ነው።

መሄድ አለባትን?

ሳጥን ከመሠራቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። በቆላችን በብዛት የምትገኘው ትልቅ ዔሊ ቅርፊቷ እንደ ነብር ቆዳ የተዥጎረጎረው ናት፤ ክብደቷ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሲሆን ከዚህ በእጅጉ የምትበልጥም አለች። ሌላይቱ፣ ጭኗ ላይ እሾህ መሳይ ሹል ቅርፊት ያላት፣ ከሴኔጋል እስከ እኛ አገር በሚዘልቀው ደረቅ ምድር የምትኖርና ከ50 ኪሎ በላይ የምትመዝን ናት። ሁለቱም የሙቅ አገር እንስሳት ናቸው። እንደ ላምና እንደ በግ የሰውነታቸውን ሙቀት ራሳቸው አያመነጩም፤ ከፀሐይና ከአካባቢው ያገኙታል። ለመጋጥና የጋጡትን ለመፍጨት ቀን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት ይስማማቸዋል። ከ15 ዲግሪ በታች ሲቆይባቸው ሣሩ ሆዳቸው ውስጥ ሳይፈጭ ይቀመጣል፤ ብርዱ ከእርጥበት ጋር ከሆነ የሳንባ በሽታ ይከተላል።

አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ፣ ሐዋሳ 1,700፣ አዲስ አበባ 2,350፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። ከአርባ ምንጭ ወደ ሐዋሳ የምትሄድ ዔሊ በአየሩ ብዙ አትቸገርም። አዲስ አበባ የምትገባው ግን የሌሊት ቤት አስቀድሞ ካልተሠራላት የኅዳርና የታኅሣሥን ብርድ አትችለውም። ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ መሳሰሉት ደጋዎች መውሰድን ፈጽሞ አንመክርም። በቆላው የሚቀር ዘመድ ወይም ጎረቤት ቢፈለግላት ይሻላል። ልጆች ያለቅሱ ይሆናል፤ የልማት ሠራተኛው ይህን ታግሦ ምክንያቱን ያስረዳቸው።

ዔሊ የዱር እንስሳ መሆኗም መዘንጋት የለበትም። ከመነሳቱ በፊት ለክልሉ የዱር እንስሳት ጉዳይ ክፍል ወይም ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ማመልከትና የሚሰጠውን ወረቀት ለሾፌሩ ማስያዝ ያስፈልጋል። ድንበር ማሻገር ከዚህ የከበደ ጉዳይ ነው፤ ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም. አባል በሆነችበት፣ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለቱም ዔሊዎች ቁጥጥር ይደረግባቸዋል። መውሰድ አልተቻለም ብሎ ያገኙት ጫካ ውስጥ መልቀቅም መፍትሔ አይደለም፤ የግቢ ዔሊ ለዱሮቹ በሽታ ልታደርስ ትችላለች።

መዥገር

ይህ ክፍል ዔሊ የሌላቸውንም ማኅበራት ይመለከታል። በዔሊ ላይ የሚጣበቁት ትልልቅ መዥገሮች አምብሊዮማ ከሚባለው ወገን ናቸው። በፈረንጅ አፍ ኸርትዎተር የሚባለውን፣ በልብ ዙሪያ ውሃ የሚያቁረውንና ከብትን፣ በግንና ፍየልን የሚፈጀውን በሽታ የሚያስተላልፉትም የዚሁ ወገን መዥገሮች ናቸው። ከአፍሪካ ወደ አሜሪካ በገቡ ዔሊዎች ላይ የዚህ በሽታ ተሕዋስያን ያሉባቸው መዥገሮች ስለተገኙ፣ የአሜሪካ መንግሥት በ1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2000) እነዚህን ሁለት ዓይነቶች ጨምሮ ሦስት ዓይነት የአፍሪካ ዔሊዎች ወደ አገሩ እንዳይገቡ ከለከለ። በሽታው በእኛ አገር ያለ ነው። ቢሆንም የአንዱን ወረዳ መዥገር ወደ ሌላው ማሻገር ጥቅም የለውም፤ በተለይ ያው መኪና በማግሥቱ ጊደር የሚጭን ከሆነ።

ስለዚህ ከመነሻው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ዔሊዋ በቀን ብርሃን ትፈተሽ። መዥገር የሚደበቀው በአንገቷ ሥር፣ በእግሮቿ መጋጠሚያና በጅራቷ ዙሪያ ባለው ለስላሳ ቆዳ፣ እንዲሁም በቅርፊቷ ስፌቶች መካከል ነው። በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ፣ የተነቀለውንም አልኮል ባለበት ጠርሙስ ውስጥ መጣል ነው። የከብት መዥገር መድኃኒት አይረጭባት። ከሁሉም በላይ አይቨርሜክቲን እንዳትወጋ አደራ እንላለን፤ ለከብት የሚጠቅመው ይህ መድኃኒት ዔሊን ሽባ አድርጎ ይገድላል። የእንስሳት ጤና ረዳቶች ከቅንነት የተነሳ ሊሳሳቱ የሚችሉት እዚህ ላይ ነው።

ከመነሳቷ በፊት

ከመነሻው ቀን ዋዜማ ጀምሮ ምግብ ይከልከል። ጤነኛ ትልቅ ዔሊ ለጥቂት ቀን ሳትበላ ብትቆይ ምንም አትሆንም፤ ሆዷ የሞላ ዔሊ ግን ሳጥኑን ታበላሻለች። ውሃ ግን ሌላ ነው። ዔሊ በፊኛዋ ውስጥ ለድርቅ ጊዜ የሚሆን ውሃ ታጠራቅማለች፤ ስትያዝና ስትደነግጥ ይህን ስንቋን ትለቀዋለች። በመሆኑም በዋዜማውና በመነሻው ዕለት ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሰፊ ሳፋ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ትቀመጥ፤ ውሃው ከአገጯ በታች ይሁን። ሲጭኗት ውሃዋን ከለቀቀች ሌላ ግማሽ ሰዓት ይጨመርላት፤ ሾፌሩ ቢያጉረመርምም ይጠብቅ። በኋላ እግሯ አፈር የምትቆፍር ሴት ዔሊ እንቁላል ልትጥል ስለሆነ እስክትጥል ድረስ ጉዞው ይዘግይ።

ሳጥኑ

ጆንያ አይሆንም፤ ትንፋሿን ያፍናል፣ ጥፍሯም ይጠላለፍበታል። የሽቦ ቀፎም አይሆንም፤ ዔሊ ብርሃን ወዳየችበት ያለማቋረጥ ትገፋለችና አፍንጫዋንና እግሮቿን ትልጣለች። የሚያስፈልገው የጣውላ ሳጥን ነው። ርዝመቱ ከዔሊዋ በ15፣ ወርዱና ቁመቱ በ10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይብለጥ። ከዚህ ከሰፋ መኪናው ፍሬን በያዘ ቁጥር ከግድግዳው ጋር ትላተማለች። የአየር ቀዳዳዎች በአራቱም ጎን ከዓይኗ ከፍ ብለው ይበሱ፤ የሚስማር ጫፍ ወደ ውስጥ ወጥቶ እንዳይቀር በእጅ ይዳሰስ። ከሥሩ አንድ ስንዝር ደረቅ ሣር ወይም ጭድ ይነጠፍ። ክዳኑ በማጠፊያና በሽቦ እንጂ በሚስማር አይመታ፤ መንገድ ላይ መከፈት አለበትና። ለመያዣ በሁለቱ ጫፍ ገመድ ይግባ።

ቅርፊቷን በስቶ ገመድ ማስገባት ነውር ብቻ ሳይሆን ጭካኔ ነው። ቅርፊቱ የደረቀ ቀንድ ሳይሆን ደምና ስሜት ያለው አጥንት ነው። ስትነሣ በፊትና በኋላ እግሮቿ መካከል ግራና ቀኙን ይዞ፣ ሳያዘነብሉ ነው፤ ጣት እግሯ ሥር ከገባ እግሯን ስትሰበስብ ትጨፈልቀዋለች። በጀርባዋ መጋደም የለባትም። ሳንባዋ ከላይኛው ቅርፊት ሥር ስለሆነ፣ ስትገለበጥ አንጀቷ ሁሉ ሳንባዋ ላይ ይጫናል።

መንገድ ላይ

ሳጥኑ ከጋቢናው ጀርባ፣ በመኪናው መካከል፣ ከብረቱ ወለል ላይ ሳይሆን በሳንቃ ላይ ይቀመጥ፤ ከሥር የሚያልፈው የጭስ ማውጫ ብረቱን ያግለዋል። እንዳይንሸራተት በገመድ ይታሰር። ማዳበሪያ፣ ፀረ ተባይ መድኃኒት ወይም የነጭ ጋዝ በርሜል አብሮ አይጫን። ሸራው ሳጥኑን እንዳይነካ በስፖንዳው ላይ ከፍ ብሎ ይወጠር። በአውቶቡስ ጣራ ላይ መጫን ፈጽሞ አይገባም።

ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ በሻሸመኔ በኩል 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሌሊት 11 ሰዓት የተነሣ መኪና ወላይታ ሶዶን በጠዋቱ ቅዝቃዜ ያልፋል፤ በዚህ ጊዜ የሳጥኑ ቀዳዳዎች በነፋሱ በኩል በጆንያ ይጋረዱ። ከሻሸመኔ በኋላ ግን ፀሐዩ ይበረታል። መኪናው ሲሄድ ነፋስ አለ፤ አደጋው ያለው ሲቆም ነው። በፀሐይ የቆመና የተሸፈነ መኪና ውስጡ ብዙ ሳይቆይ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ዔሊ ይህን ሙቀት አልባ ወይም ተንፍሳ የማሳለፍ ዘዴ የላትም። ጥላ ካልተገኘ ምሳው ይቅር፣ ወይም ሳጥኑ ወርዶ ሰዎቹ ከሚበሉበት በረንዳ ይቀመጥ። ባለ ሆቴሉ ምን እንደያዛችሁ ይጠይቃል፤ ቢነገረው ጉዳት የለውም።

ከቤተ ሰቡ አንድ ሰው አብሮ ይሂድና በየሁለት ሰዓቱ ክዳኑን ከፍቶ ይመልከት። ቴርሞሜትር ከተገኘ በሳጥኑ ውስጥ ይሰቀል፤ ከ20 እስከ 28 ዲግሪ መልካም ነው፣ 32 ከደረሰ ሸራው ይገለጥ፣ መኪናውም ጥላ ይፈልግ። አፏ አረፋ ከደፈቀ ወይም እግሮቿን በኃይል ስታወራጭ ቆይታ ከዛለች ሙቀት መትቷታል፤ ጥላ ውስጥ አውርዶ ለብ ያለ ውሃ ቀስ በቀስ ማፍሰስ ነው። ከማቀዝቀዣ የወጣ ውሃ አይሆንም። የነካት ሰው ሁሉ ምግብ ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ዔሊ ጤነኛ መስላ የሳልሞኔላ ተሕዋስያን ትይዛለች።

ከደረሰች በኋላ

በመጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትቀመጥ፤ ከዚያ በተዘጋጀላት ቤት ትተው። ቤቱ ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ ሳንቃ፣ ጭድ የተነጠፈበት፣ በሩ ወደ ምሥራቅ የሆነ ይሁን። መብራት ካለ፣ ጭዱንም ሆነ ዔሊዋን እንዳይነካ በሽቦ የተከለለ አምፖል ከጣራው ይሰቀል። ከሰል በተዘጋ ቤት አይቀመጥ። ሣር፣ የዱር ቅጠልና እሾሁ የተነሣለት የበለስ ቁልቋል ይቅረብላት፤ እንጀራና ወተት አይሰጣት። ሳምንት ያህል ሳትበላ ብትቆይ አያስደነግጥም። ከአፍንጫዋ አረፋ ከወጣ፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ወይም ዓይኗ ካበጠ ግን ሳይውል ሳያድር ለእንስሳት ሐኪም ትታይ።

የሳጥኑ ጭድ ይቃጠል፤ የመኪናው ወለል ሌላ ጭነት ከመግባቱ በፊት ይጠረግና ይታጠብ። ሳጥኑን በፀሐይ አድርቆ በማኅበሩ መጋዘን ማስቀመጥ ይቻላል።