የገመድ አልባ ሴንሰሮች የዓይነት ማረጋገጫ፦ የአሜሪካና የአውሮፓ ንጽጽር

በአንድ አገር የዓይነት ማረጋገጫ ያገኘ የሬዲዮ መሣሪያ በሌላ አገር ሕገ ወጥ ሊሆን ይችላል። ዋናው ምክንያት የመሣሪያው ጥራት ሳይሆን የፍሪኩዌንሲ ድልድል ልዩነት ነው።

በአሜሪካ ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ ያለው ክልል የተጠቃሚ ፈቃድ ለማያስፈልጋቸው መሣሪያዎች ክፍት ነው፤ የተወሰኑ የስርጭት ስልቶችን የሚከተሉትም እስከ 1 ዋት ኃይል ይፈቀድላቸዋል። በአውሮፓ ግን ከ880 እስከ 915 ሜጋኸርዝ ያለው ክልል የእጅ ስልኮች ወደ ኔትወርክ ማማዎች የሚያሰራጩበት ነው። ስለዚህ ለአሜሪካ የተሠራ ሴንሰር እዚያ ቢተከል የማማውን መቀበያ ሊያውክ ይችላል። አውሮፓ ለተመሳሳይ አገልግሎት የምትጠቀመው 868 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለውን ክልል ነው። ከ868.0 እስከ 868.6 ባለው ንዑስ ክልል የኃይል ጣሪያው 25 ሚሊዋት ሲሆን፣ በተለመደው አሠራር የስርጭት ጊዜው በሰዓት ከ36 ሰከንድ አይበልጥም።

የማረጋገጫው ሥርዓትም ይለያል። በአሜሪካ እንዲህ ያለውን ማሰራጫ የሚመሰክርለት እውቅና የተሰጠው አካል ነው። በአውሮፓ ኅብረት በመመሪያ ቁጥር 2014/53 መሠረት አምራቹ ራሱ የተስማሚነት መግለጫ ይፈርማል፤ የፍሪኩዌንሲ አጠቃቀምን የሚመለከቱትን የተጣጣሙ ደረጃዎች በሙሉ ካልተከተለ ግን የሦስተኛ ወገን ምዘና ግዴታ ይሆናል።

የጋራ እውቅና ስምምነቶች ድርብ ፍተሻን ይቀንሳሉ እንጂ የፍሪኩዌንሲ ድልድልን አይለውጡም። አንቴናና ማጣሪያ ለአንድ ክልል ከተሠሩ በኋላ ሶፍትዌሩን መቀየር ብቻውን ስለማይበቃ፣ መሣሪያው የሚሠራበት አገር ከንድፉ በፊት ሊወሰን ይገባል።