ድምፅን ከማጉላት በፊት መክፈል፦ አክቲቭ ክሮስኦቨር በቤት ውስጥ

ጎንደር በአታ የአቋቋም ምስክር መሆኑ የታወቀ ነው። በአቋቋም ሥርዓት ከሊቃውንቱ ዜማ ጋር ከበሮና ጸናጽል አብረው ይሰማሉ። ማኅሌቱ ተቀርፆ በቤት ውስጥ ሲደመጥ ግን አንድ ችግር ያጋጥማል፤ ከበሮው ጎልቶ እንዲሰማ ድምፁ ከፍ ሲደረግ ጸናጽሉ ይሻክራል። ጥፋቱ ሁልጊዜ የቀረጻው አይደለም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ድምፁ የሚከፈልበት ቦታ ነው።

እንደሚታወቀው አንድ ስፒከር ሁሉንም ድግግሞሽ በእኩል ጥራት ማሰማት ይሳነዋል። ስለዚህ በአንድ ሣጥን ውስጥ ለወፍራሙ ድምፅ ዉፈር፣ ለቀጭኑ ድምፅ ቱዊተር ይገጠማል። ድምፁን ለሁለቱ የሚያከፋፍለው ዑደት ክሮስኦቨር ይባላል። በተለመደው ሣጥን ውስጥ ክሮስኦቨሩ የጥቅል ሽቦና የካፓሲተር ስብስብ ሲሆን ከአምፕሊፋየሩ በኋላ ይገኛል። ይህ ፓሲቭ ይባላል። ድክመቱ ሁለት ነው። በመጀመሪያ፣ ጥቅል ሽቦው የራሱ ተቃውሞ ስላለው ኃይል ያባክናል፤ አምፕሊፋየሩም የዉፈሩን እንቅስቃሴ የሚቆጣጠርበትን አቅም ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ «8 ኦም» የተባለው ስፒከር በሁሉም ድግግሞሽ 8 ኦም አይደለም፤ በመሆኑም በ8 ኦም የተሰላው ክሮስኦቨር በታሰበው ቦታ ላይ አይከፍልም።

አክቲቭ ክሮስኦቨር ሥራውን ከአምፕሊፋየሩ በፊት፣ ምልክቱ ገና ደካማ ሳለ ያከናውናል። ከዚያ በኋላ ዉፈሩና ቱዊተሩ ለየብቻቸው አምፕሊፋየር ይኖራቸዋል። ለስቴሪዮ አራት የማጉያ መስመሮች ያስፈልጋሉ ማለት ነው፤ ሁለት ተራ ስቴሪዮ አምፕሊፋየሮች ይበቃሉ። የድምፅ መቆጣጠሪያው ግን ከክሮስኦቨሩ በፊት መሆን አለበት። አለበለዚያ ሁለቱን በእኩል ማሳደግና መቀነስ ያስቸግራል።

የጸናጽሉ መሻከር ምስጢር እዚህ ላይ ይገለጣል። የከበሮው ሞገድ ጫፍ 10 ቮልት፣ የጸናጽሉም 10 ቮልት ነው እንበል። ሁለቱ በአንድ አምፕሊፋየር ሲያልፉ ጫፎቻቸው በሚገጥሙበት ቅጽበት 20 ቮልት ያስፈልጋል። በ8 ኦም ላይ ይህን ሳያዛባ የሚሰጥ አምፕሊፋየር 20×20÷(2×8) ወይም 25 ዋት መሆን አለበት። ለየብቻ ሲሆኑ ግን ለእያንዳንዱ 10×10÷(2×8) ወይም 6.25 ዋት ይበቃል። አምፕሊፋየሩ አቅም ካነሰው የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ በከበሮው ጉልበት የተነሣ ጸናጽሉም አብሮ ይቆረጣል። ከመቆረጡ የሚፈጠሩት ከፍተኛ ድግግሞሾች በፓሲቩ ክሮስኦቨር አልፈው ወደ ቱዊተሩ ይሄዳሉ፤ ስስ ሽቦውንም ሊያቃጥሉት ይችላሉ። በአክቲቩ አደረጃጀት ዉፈሩ ላይ የደረሰው መቆረጥ እዚያው ይቀራል። እርግጥ በተግባር የከበሮው ጫፍ ስለሚበልጥ ከሁለቱ አምፕሊፋየሮች ብርቱው ለዉፈሩ ሊሰጥ ይገባል።

እንዴት ይከፈል? ዚግፍሪድ ሊንክዊትዝ የተባሉት መሐንዲስ ከባልደረባቸው ከረስ ራይሊ ጋር የሠሩትንና እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተሙትን ዘዴ ዛሬም የሚስተካከለው ጥቂት ነው። በዚህ ዘዴ በመክፈያው ድግግሞሽ ላይ እያንዳንዱ ክፍል ግማሽ ቮልቴጅ ይይዛል፤ ሁለቱም በአንድ ፌዝ ስለሚጓዙ ድምራቸው ሙሉ ይሆናል። አቀበቱ በኦክታቭ 24 ዲሲቤል ነው። በመሆኑም ከመክፈያው በግማሽ ዝቅ ባለ ድግግሞሽ ላይ ወደ ቱዊተሩ የሚደርሰው ቮልቴጅ 1/17 ብቻ ነው።

መሥራቱ ለተማሪ አይከብድም። እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ተመሳሳይ ደረጃዎች ተከታትለው የሚገጠሙበት ሲሆን በእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ኦፕ-አምፕ ይኖራል፤ ቲኤል072 የተባለችው ቺፕ ሁለት ይዛለች። ለዉፈሩ ደረጃ ሁለት የ10 ኪሎኦም ሬዚስተሮች፣ ወደ መሬት አንድ የ5.6 ናኖፋራድ ካፓሲተር፣ ከውጤቱ ወደ ኋላ ደግሞ ሁለት ተመሳሳይ ካፓሲተሮች ጎን ለጎን ይያያዛሉ። ለቱዊተሩ ቦታቸው ይለዋወጣል፦ በምልክቱ መንገድ ላይ ሁለት የ5.6 ናኖፋራድ ካፓሲተሮች፣ ወደ ኋላ አንድ የ10 ኪሎኦም ሬዚስተር፣ ወደ መሬት ሁለት በተከታታይ። በሁለቱም ድግግሞሹ 1÷(2π×R×C×√2) ሲሆን ስሌቱ 2,010 ሄርዝ ገደማ ይሰጣል። አንድ ዓይነት ሬዚስተርና አንድ ዓይነት ካፓሲተር ብቻ መጠየቁ የዚህ ዑደት ውበት ነው፤ ከተበላሹ ሬዲዮኖች ለቅሞ ለሚሠራ ሰውም ይመቻል።

ከፍታችንስ ለውጥ ያመጣ ይሆን? ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ስፒከሩ በእኩል ሲንቀሳቀስ የሚፈጥረው የድምፅ ግፊት በ2 ዲሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ ወደ ደባርቅ ሲወጣ ደግሞ ወደ 3 ይጠጋል። አምፕሊፋየሩም በስስ አየር ውስጥ በቀላሉ አይቀዘቅዝም። የድምፅ ፍጥነት ግን የሚወሰነው በአየሩ ሙቀት እንጂ በግፊቱ አይደለም፤ በ20 ዲግሪ ሴልሲየስ እዚህም ሆነ በምጽዋ 343 ሜትር በሰከንድ ነው። ስለዚህ በ2,010 ሄርዝ የሞገዱ ርዝመት 17 ሳንቲ ሜትር መሆኑ አይለወጥም። የዉፈሩና የቱዊተሩ ማዕከላት ከዚህ ርቀት በታች፣ አንዱ ከሌላው በላይ ሆነው ይገጠሙ።

አንድ አደጋ ይቀራል። በአክቲቩ አደረጃጀት ቱዊተሩ ከአምፕሊፋየሩ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሁሉም መሣሪያ በአንድነት ስለሚነሣ የሚፈጠረው «ዱም» የሚል ምት ሊያቃጥለው ይችላል። ለ8 ኦም ቱዊተር በተከታታይ የሚገባ 47 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከ420 ሄርዝ ገደማ በታች ያለውን ስለሚያዳክም ጥሩ መከላከያ ነው፤ ዋልታ የሌለው ዓይነት ይመረጥ። ሲበራ ክሮስኦቨሩ ይቅደም፣ አምፕሊፋየሮቹ ይከተሉ፤ ሲጠፋ በተቃራኒው። መብራት በሄደ ጊዜም የአምፕሊፋየሮቹ ሶኬት ይነቀል።