ቀይ ቀበሮ፣ አይጥና የእብድ ውሻ በሽታ፦ የአዳኝና የታዳኝ ሞዴል በባሌ ተራሮች ሲፈተሽ

መግቢያ

የአዳኝና የታዳኝ እንስሳት ብዛት እርስ በርሱ የተሳሰረ ነው። ታዳኙ ሲበዛ የአዳኙ ቁጥር ይጨምራል፤ አዳኙ ሲበዛ ታዳኙ ይመናመናል፤ ታዳኙ ሲመናመን ደግሞ አዳኙ በምግብ እጦት ይቀንሳል። ይህን ዑደት አልፍሬድ ሎትካ በ1925፣ ቪቶ ቮልቴራ ደግሞ በ1926 እ.ኤ.አ. በየግላቸው በሒሳብ ገልጸውታል። ይህ ጽሑፍ ሞዴላቸው በተኩላ ወገን ለሚመደበው ቀይ ቀበሮ ምን ያህል እንደሚያገለግል ይመረምራል። በሕይወት ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። ስለዚህ የሞዴል ምርጫ የጥበቃውን ትኩረት ይወስናል።

መሠረታዊው ሞዴል

የታዳኙ ብዛት «ታ»፣ የአዳኙ ብዛት «አ» ቢባል፣ በጊዜ ሂደት የሚታየው ለውጥ እንደሚከተለው ይጻፋል፦

የታ ለውጥ = (ዕ × ታ) − (ድ × ታ × አ)
የአ ለውጥ = (ል × ድ × ታ × አ) − (ሞ × አ)

«ዕ» የታዳኙ የዕድገት መጠን፣ «ድ» የማደን ብቃት፣ «ል» የተበላው ምግብ ወደ አዲስ ግልገል የሚለወጥበት መጠን፣ «ሞ» የአዳኙ የሞት መጠን ነው። ሁለቱም ለውጦች ዜሮ ሲሆኑ አ = ዕ ÷ ድ፣ ታ = ሞ ÷ (ል × ድ) ይሆናል። በዚህ ስሌት የአዳኙን ሚዛናዊ ብዛት የሚወስነው ታዳኙ የሚራባበት ፍጥነት ነው።

የባሌ እውነታ

በባሌ የቀይ ቀበሮ ምግብ ከ90 በመቶ በላይ አይጥ መሰል እንስሳት ናቸው፤ ከእነዚህም ግዙፉ ፍልፈልና የሣር አይጥ ይገኙበታል። ስለዚህ ሁለቱ እኩልታዎች በመጀመሪያ እይታ የሚስማሙ ይመስላሉ። ሆኖም ሁለት ማሻሻያዎች ያስፈልጋሉ።

አንደኛው ጣሪያ ነው። ቀይ ቀበሮ ለየብቻው ቢያድንም በመንጋ ሆኖ የራሱን ክልል ይጠብቃል፤ በመንጋውም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው የበላይዋ ሴት ብቻ ናት። ምግብ ቢትረፈረፍም ክልሎቹ ከተያዙ ብዛቱ ከተወሰነ መጠን አያልፍም። አይጦቹም በሣሩና በመሬቱ ይወሰናሉ። እነዚህ ጣሪያዎች ሲታከሉ የሞዴሉ መዋዠቅ ይረግባል።

ሁለተኛውና ዋነኛው የሞት መጠኑ ነው። መሠረታዊው ሞዴል «ሞ»ን ቋሚ ያደርገዋል። ከአካባቢው ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ግን በድንገት ይገባል። በ1991 እና 1992 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ ተከስቶ ነበር፤ በ2003 እና 2004 በተከሰተው ደግሞ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። ለዚህ እልቂት ምክንያቱ የአይጥ እጥረት አልነበረም።

የበሽታው ውጤት በምሳሌያዊ ስሌት

በዓመት 20 በመቶ የሚያድግ የ100 ቀበሮዎች ስብስብ ይታሰብ፤ ቁጥሮቹ ለማብራሪያ የተወሰዱ ናቸው። ወረርሽኝ ሦስት አራተኛውን ቢገድል 25 ይቀራሉ። ወደ 100 ለመመለስ 8 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ሁለተኛ ወረርሽኝ በ5ኛው ዓመት ቢመጣ ግን ስብስቡ የሚደርሰው 62 ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያም ወደ 16 ይወርዳል። ይህ ከተደጋገመ፣ አይጡ ምንም ሳይጎድል ቀበሮው ወደ መጥፋት ያመራል።

ክትባት የሟቾቹን መጠን ወደ አንድ ሦስተኛ ቢያወርደው 67 ይተርፋሉ፤ የቀድሞው ብዛትም በ3ኛው ዓመት ይመለሳል። በ5 ዓመት የሚደጋገም ወረርሽኝ ይህን ስብስብ አያጠፋውም። ስሌቱ ጣሪያውን ያላካተተ በመሆኑ በገሃዱ ዓለም ማገገሙ ከዚህ ሊዘገይ ይችላል።

በ2006 እ.ኤ.አ. «ኔቸር» በተባለው መጽሔት የወጣው የሃይደንና የባልደረቦቹ ጥናትም በዚሁ አቅጣጫ ይሄዳል። ጥናቱ እንደሚያሳየው ሁሉንም ቀበሮ መከተብ የግድ አይደለም፤ ንዑስ ስብስቦችን በሚያገናኙ መተላለፊያዎች ያሉትን ጥቂቶች መከተብ ትልልቆቹን ወረርሽኞች ሊገታ ይችላል።

መደምደሚያ

የሎትካና የቮልቴራ ሞዴል የአስተሳሰብ መነሻ ሆኖ ያገለግላል፤ ብቻውን ሲወሰድ ግን «አይጥ እስካለ ድረስ ቀበሮው ያገግማል» ወደሚል የተሳሳተ መተማመን ይመራል። በባሌ ሚዛኑ የሁለት ወገኖች ብቻ አይደለም፤ ውሻና በሽታው ሦስተኛው ወገን ሆነው በእኩልታው ውስጥ ሊገቡ ይገባል። የግጦሽ ቁጥጥር የምግቡን ጣሪያ ስለሚጠብቅ አስፈላጊነቱ አይቀንስም። ነገር ግን የአይጥ ቆጠራ ከውሾች ቆጠራና ከክትባት መረጃ ጋር ካልተቀናጀ፣ ሞዴሉ የምግቡን ብዛት እየነገረ ስለ በላተኛው ሞት ዝም ይላል።