ስለ ጆሮ መድከም የሕክምና ወጪና ስለ ኢንሹራንስ ሒሳብ

ነጋዴ ከውጭ አገር ዕቃ ሲያስመጣ የፋብሪካውን ዋጋ ብቻ አይቶ አያዝም፤ ማጓጓዣውን፣ ቀረጡንና የመጋዘኑን ኪራይ ሁሉ ደምሮ ነው። ይኸው ሰው የአባቱ ጆሮ በእርጅና ሲደክም ግን ያንን የሒሳብ ልማዱን ትቶ፣ «ኢንሹራንስ አላቸው» በማለት ብቻ ልቡን ያሳርፋል። በዚህ ትምህርት የምናስረዳው ይህ መተማመኛ የት ላይ እንደሚጎድል ነው። ለምሳሌ የመረጥነው የአሜሪካን አገር ሥርዓት ነው፤ ብዙ የአገራችን ሰዎች ወላጆቻቸውን ወደዚያ ወስደው ያኖራሉና፤ ሕጉም በግልጥ ተጽፎ ይገኛል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የደዌውን ጠባይ ማወቅ ይገባል። በውስጠኛው ጆሮ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት በሚመስለው ክፍል፣ ድምፅን ተቀብለው ወደ አንጎል የሚያስተላልፉ እጅግ ደቃቅ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። እነዚህ በዕድሜ ብዛትና በጩኸት ከሞቱ በኋላ ዳግመኛ አይበቅሉም። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ስለዚህም ሽማግሌው፣ በተለይ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ፣ «ድምፁን እሰማለሁ፤ ቃሉን ግን አልለየውም» ይላሉ። ለዚህ የሚዋጥ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከዚህም የተነሣ ዋናው ወጪ የሐኪሙ ሳይሆን የመስሚያው መሣሪያ ዋጋ ነው።

ሆኖም መሣሪያ ከመግዛት በፊት ጆሮው በሐኪም ይታይ። የደፈነው ኩክ ብቻ ከሆነ ጠርጎ ማውጣት ይበቃል፤ ለዚህ ብዙ ሺህ ማውጣት ሞኝነት ነው። በድንገት የደነቆረ፣ በአንድ ወገን ብቻ የደከመ፣ መግል የሚያወጣ ወይም የራስ ማዞር ያለበት ጆሮ ደግሞ «የእርጅና ነው» ተብሎ አይተውም። ድንገተኛው በቀናት ውስጥ ካልታከመ ሳይመለስ ሊቀር ይችላል።

ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የሕክምና ኢንሹራንስ በ1965 ሲደነገግ፣ የመስሚያ መሣሪያንና መሣሪያውን ለመምረጥ የሚደረገውን ምርመራ ከክፍያ ውጭ አደረገ፤ ይህም እስከ ዛሬ አልተሻረም። ደዌውን ለማወቅ በሐኪም ትእዛዝ የሚደረግ ምርመራ ግን ይከፈልበታል፤ ታካሚው በየዓመቱ አስቀድሞ ከራሱ የሚያወጣውን ከከፈለ በኋላ፣ ከመቶ 80ውን ሜዲኬር፣ 20ውን እርሱ ይችላል። መሣሪያ ለማይረዳው ከባድ ድንቁርና በቀዶ ሕክምና የሚገባው ኮክሌር ኢምፕላንትም ይከፈልበታል፤ በ2022 የሚፈቀድላቸው ሰዎች ወሰን ሰፍቷል። እንግዲህ ትንሹና ትልቁ ወጪ ተሸፍኖ፣ ለአብዛኛው ሽማግሌ የሚያስፈልገው መካከለኛው ብቻ ሜዳ ላይ ቀርቷል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች የጆሮን መድከም እንደ ሽበት ቆጥረውት ይሆን ያሰኛል። በእንግሊዝ አገር የመንግሥቱ የጤና አገልግሎት ከተቋቋመበት ከ1948 ጀምሮ መሣሪያውን ያለ ዋጋ ያድላል።

በአሜሪካ ሠርተው የማያውቁ ወላጆችም 65 ዓመት ስለ ሞላቸው ብቻ ሜዲኬር አያገኙም፤ በጠቅላላው ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ይዘው 5 ዓመት ሳያቋርጡ መኖር አለባቸው።

የመሣሪያውን ጉድለት ለመሙላት፣ ሜዲኬር አድቫንቴጅ የሚባሉት የግል ኩባንያዎች ውሎች ብዙዎቹ የመስሚያ መሣሪያ ክፍያ ይጨምራሉ። ማስታወቂያው ያማረ ነው፤ ውሉ ግን በእርሳስ እየተሰመረበት ይነበብ። ለምሳሌ ያህል የሁለት ጆሮ መሣሪያ ዋጋ 4000 ዶላር፣ ዕድሜውም 5 ዓመት ይሁን እንበል። ለዚህ ጥቅም ሲባል የሚጨመረው አረቦን በወር 30 ዶላር ቢሆን፣ በ5 ዓመት 1800 ዶላር ይሆናል። ኩባንያው በዚህ ዘመን ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ 1500 ዶላር የሚከፍል ከሆነ፣ የሽማግሌው ጠቅላላ ወጪ 4300 ዶላር ነው፤ ይኸውም ያለ ኢንሹራንስ ከሚያወጡት በ300 ይበልጣል። ያው 1500 «ለእያንዳንዱ ጆሮ» የሚል ከሆነ ግን ወጪው ወደ 2800 ይወርዳል። ሁለት ቃል 1500 ዶላር ያወጣል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ኩባንያው መሣሪያውን ከየትኛው ሻጭና የትኛውን ዓይነት ብቻ እንዲገዙ እንደሚያስገድድ መጠየቅ ያሻል።

ከጥቅምት 2022 ወዲህ በአሜሪካ መካከለኛና ቀላል የጆሮ መድከም ያለበት አዋቂ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሣሪያ ከሱቅ ሊገዛ ተፈቅዷል። ጥንዱ በጥቂት መቶ ዶላር የሚገኝ አለ። በላይኛው ሒሳብ 800 ዶላር ቢሆን፣ ኢንሹራንሱ ራሱ ከመሣሪያው እጥፍ በላይ ይፈጃል። ነገር ግን የሚለካና የሚያስተካክል ባለሙያ አብሮ አይገዛም፤ ጣታቸው የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ጥቃቅኑን ቁልፍ ማዘዝ ካቃታቸው መሣሪያው በመሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ኪሣራ ነው። ስለዚህ ገዢው መሣሪያውን ሞክሮ የሚመልስበትን ቀን ቁጥር በጽሑፍ ይቀበል። ከባለሙያ የሚገዛም ቢሆን የመሣሪያው ዋጋ፣ የልኬቱ፣ በየጊዜው የሚደረገው ማስተካከያና የባትሪው ዋጋ ተለያይተው እንዲጻፉለት ይጠይቅ፤ አለዚያ ሁለት ሻጮችን ማመዛዘን አይቻልም።

በአገራችን ለሠራተኞቹ የሕክምና ኢንሹራንስ የሚገዛ አባልም ውሉን ከመፈረሙ በፊት «ክፍያ የማይፈጸምባቸው» የሚለውን ክፍል አስቀድሞ ይመልከት። የመስሚያ መሣሪያ በስሙ ተጠቅሶ እንደ ሆነ፣ ወሰኑም ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለአንድ ጆሮ፣ በስንት ዓመት አንዴ እንደ ሆነ፣ ከኩባንያው በደብዳቤ መልስ ይቀበል።