ጥሩ ቡናና ጥሩ ቅመም በምን ይታወቃል?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ቡናና ቅመም ነው። ሆሳዕና ተወልዶ ቡና የማያውቅ አለ እንዴ ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። እኔም እንደዛ ነበር የማስበው። እናቴ ገበያ ውስጥ ቡና፣ ኮረሪማ፣ ዝንጅብል፣ እርድና በርበሬ ትሸጣለች፣ እኔም በገበያ ቀን ሚዛን ላይ እረዳታለሁ። በደንብ መጠየቅ የጀመርኩት ግን ዓምና አንድ ነገር ከደረሰብን በኋላ ነው።

አንድ ነጋዴ 30 ኪሎ ቡና በርካሽ አምጥቶ ሸጠላት። ከላይ ያለው በጣም ጥሩ ነበር። ከስር ያለው ግን ክብደቱ እንዲጨምር ውሃ የተረጨበት ነበር። ሳናውቅ ከረመና ሻገተ። አጠገቧ የሚሸጡ ሴቶች «ከጥሩው ጋር ቀላቅለሽ ሽጪው፣ ማን ያውቃል?» አሏት። እውነቱን ልናገርና እኔም በልቤ ብትቀላቅለው ብዬ ነበር፣ ምክንያቱም በዛ ብር ጫማ ሊገዛልኝ ነበር። እሷ ግን ማታ ማታ በመብራት ለቅማ 18 ኪሎ አስቀረች። 12ቱን ኪሎ ጓሮ ቆፍረን ቀበርነው።

የጠቅላላ ሳይንስ መምህራችንን ስጠይቃቸው እናትህ ልክ ናት አሉኝ። አንዳንድ ሻጋታ መርዝ ይሠራል። በበርበሬና በለውዝ ላይ የሚገኘው አፍላቶክሲን ይባላል፣ ጉበት ይጎዳል፣ ወጥ ውስጥ ቢንተከተክም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ቡና ላይም ኦክራቶክሲን የሚባል አለ።

እንግዲህ ወደ ትምህርቱ ልግባ። ቡና ቀዩ ብቻ ተለቅሞ ነው ጥሩ የሚሆነው። አረንጓዴውም ጥቁሩም አብሮ ከተሸመጠጠ ጣዕሙ ይበላሻል። 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ያስፈልጋል፣ ስለዚህ የገበሬው ልፋት ቀላል አይደለም። እሸቱን ውሃ ውስጥ ሲጨምሩት ደህናው ይሰምጣል፣ ባዶውና የተበላሸው ይንሳፈፋል። ከዚያ መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ባለ አልጋ ላይ ይሰጣል፣ መሬት ላይ ከተሰጣ የአፈር ሽታ ይይዛል። በደንብ ሲደርቅ ውስጡ የሚቀረው እርጥበት ከ12 በመቶ መብለጥ የለበትም። እናቴ ይሄን የምትለካበት መሣሪያ የላትም። በጥርሷ ነው የምትለካው። ቀጭ ካለ ደርቋል፣ ጥርስ ከሰመጠበት እርጥብ ነው። ቡና ደግሞ ሽታ ይስባል። ከሳሙና ወይም ከነጭ ጋዝ ጋር ያስቀመጠ ሰው ሳሙና ሳሙና የሚል ቡና ይጠጣል።

ወደ ውጭ የሚላከው ቡና ተቆልቶና ተፈጭቶ በቀማሾች ተቀምሶ ደረጃ ይወጣለታል። ሥራቸው ቡና መቅመስ ነው! ትልቅ ስሆን እኔም ብሠራው ደስ ይለኛል፣ ለጊዜው ግን እናቴ ቡና ለልጅ አይሆንም ትላለች።

ቡናና ኮረሪማ የአገራችን ተክሎች ናቸው። ዝንጅብልና እርድ ግን ጥንት ከእስያ የመጡ ናቸው። በርበሬማ ከአሜሪካ አህጉር ነው የመጣው። የሀላባና የማረቆ በርበሬ ዛሬ እንዲህ ስም ያለው ሆኖ ሳለ ዘሩ ባሕር ተሻግሮ መምጣቱን ስሰማ አላመንኩም ነበር።

ዝንጅብል ላይ ቆም ልበል። ዱራሜ ያሉ ዘመዶቻችን ስለ ሀደሮ ዝንጅብል ሲያወሩ ያዝናሉ። ሀደሮና በአጠገቡ ያለው የወላይታ አገር በዝንጅብል የታወቀ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ግን የሚያጠወልግ በሽታ ገብቶ ማሳውን ፈጀው። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ይጠወልጋል፣ ስሩ ይበሰብሳል። ያመጣው ራልስቶኒያ የሚባል ባክቴሪያ ነው፣ አፈር ውስጥም ይኖራል። ዝንጅብል የሚተከለው ራሱ ስሩ ተቆርጦ ስለሆነ የታመመውን ለዘር የገዛ ሰው በሽታውንም አብሮ ገዝቶ ይሄዳል። ከላይ ሲያዩት እኮ ደህና ሊመስል ይችላል። እንደኛ ቡና ማለት ነው፣ ልዩነቱ የኛ 12 ኪሎ ብቻ ነው የጠፋው። መፍትሔው ንጹሕ ዘር መትከልና መሬቱን በሌላ ሰብል፣ ለምሳሌ በበቆሎ፣ ማፈራረቅ ነው።

ዘንድሮ እናቴ ጆንያ ከላይ አይታ አትገዛም። ሰሌን ዘርግታ እስከ ስሩ ድረስ ገልብጡልኝ ትላለች። አንዱ ነጋዴ ተቆጥቶ ጥሏት ሄደ። ሌሎቹ ግን ለመዱ። ጫማውም ለገና ተገዝቶልኛል፣ ትንሽ ቢጠበኝም።

በመጨረሻ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። የተፈጨ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት የሚቀላቅሉ አሉ። ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ቅዱና አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ በትኑበት፣ አታማስሉት። ሸክላ ካለበት ቶሎ ወርዶ ከስር ይተኛል፣ በጣት ሲነኩት እንደ አሸዋ ይሻክራል። ያገኛችሁትን ጽፋችሁ የሚኒ ሚዲያው ሳጥን ውስጥ ክተቱልን። የገዛችሁበትን ሱቅ ስም ግን አትጻፉ፣ መምህራችን ከልክለዋል።