ወፍጮ ሲቆም ማን ይጠራል? ስለ መካኒካል ቴክኒሽያን ትምህርት

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ገብሱም ሆነ ስንዴው ካልተፈጨ ለእንጀራና ለዳቦ አይሆንም። ድሮ ይህ ሥራ የሴት ብቻ ነበር። ሌሊት ተነሥታ ወፍጮው ላይ ተደፍታ መጁን ስትገፋ ይነጋል። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ ይህን ድካም ከትከሻዋ አወረደላት። ይሁን እንጂ ሞተር ይበላሻል። ኩሽኔታው ሲያልቅ ወይም ቺንጋው ሲበጠስ ወፍጮው ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ እህሉ በአህያ ተጭኖ ሩቅ አገር ይሄዳል፤ አህያ የሌላት ደግሞ ወደ መጁ ትመለሳለች። እንግዲህ ሞተሩን የሚያውቅ አንድ ሰው በአካባቢው መኖሩ ለስንት ቤት እንደሚተርፍ እናስብ።

፩. ቴክኒሽያን ማን ነው?

መሐንዲስ መሣሪያውን በስሌት ያቅዳል፣ ይነድፋል። የእጅ ባለሙያ ብረቱን ይቆርጣል፣ ይበይዳል። ቴክኒሽያን በሁለቱ መካከል ይቆማል። ንድፉን አንብቦ መሣሪያውን ይተክላል፤ ይፈትሻል፤ ሲበላሽም ምክንያቱን ፈልጎ ያገኛል። ይህ ሙያ እጅም ራስም ይፈልጋል።

፪. ምን ይማራል?

መጀመሪያ እጁን ያሠለጥናል። ብረት በሞርሳ አስሮ በሴጌቶ መቁረጥ፣ በሞረድ ማስተካከል፣ በቶርኖ እያሽከረከሩ መቅረጽ፣ መበየድ ይማራል።

ሁለተኛ መለካት ይማራል። በዐይን ግምት የተሠራ ብረት ከቦታው አይገጥምም። ካሊፐር የሚባለው መለኪያ ከአንድ ሚሊ ሜትር እጅግ ያነሰውን ልዩነት ያሳያል። ዘንጉ ከኩሽኔታው በጥቂቱ ቢቀጥን ይንቀጠቀጣል፤ ቢወፍር ደግሞ ጭራሽ አይገባም።

ሦስተኛ ንድፍ ማንበብ ነው። አንዱ ዕቃ ከፊት፣ ከላይና ከጎን ተስሎ ይቀርባል፤ ተማሪው ሦስቱን ሥዕል አጋጥሞ ዕቃውን በሐሳቡ ማየት አለበት።

አራተኛው ሒሳብና ፊዚክስ ነው። «ለብረት ሥራ ሒሳብ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። መልሱን ሠርተን እንየው።

፫. አንድ ስሌት አብረን እንሥራ

አንድ ሞተር በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይዞራል እንበል። የሞተሩ ፑሌጃ ዲያሜትር 100 ሚሊ ሜትር፣ የወፍጮው ፑሌጃ ዲያሜትር 300 ሚሊ ሜትር ነው። ወፍጮው በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዞራል?

1,500 × 100 = 150,000
150,000 ÷ 300 = 500

ወፍጮው 500 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። አሁን አንድ ሰው «ያው ፑሌጃ አይደል?» ብሎ በ300ው ፋንታ 200 ቢገጥም ዙሩ 750 ይሆናል። ወፍጮው ለ500 ዙር የተሠራ ከሆነ ድንጋዩ ከልክ በላይ ይግላል፣ ዱቄቱ ይቃጠላል፤ ድንጋዩም ተሰንጥቆ ሰው ሊጎዳ ይችላል። በወረቀት ላይ ሁለት መስመር የሆነው ሒሳብ በወፍጮ ቤት የሰው ሕይወት ነው።

፬. ደጋና ቆላ ለሞተር አንድ አይደሉም

የመንዝ ደጋ በብዙ ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍ ይላል። ወደ መርሐ ቤቴ ስንሄድ ግን የጀማ ሸለቆ ዝቅ ያለና ሞቃት ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሰባት አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ናፍጣ ደግሞ ያለ አየር አይነድም። ስለዚህ ተርቦ የሌለው ሞተር በደጋ ላይ ከኃይሉ ሩብ ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ ያጣል። ባለቤቱ «ደከመ» ብሎ ናፍጣ ቢጨምርበት ጥቁር ጭስ ይተፋል እንጂ አይበረታም። ያወቀ ቴክኒሽያን ግን ገና ሲገዛ ከፍታውን አስቦ ኃይለኛውን ሞተር ይመርጣል።

መብራት በገባበት ወፍጮው በኤሌክትሪክ ይሠራል። ቢሆንም ኩሽኔታና ቺንጋ እዚያም አለ፤ ጥገናው አይቀርም።

፭. የት ይማሩታል?

በአገራችን ይህ ትምህርት አዲስ አይደለም። የአዲስ አበባው ተግባረ ዕድ ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ ዓ.ም. ተቋቁሞ ብዙ ባለሙያ አፍርቷል። የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በ1950ዎቹ አጋማሽ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተከፍቶ ቴክኒሽያኖችን አሠልጥኗል፤ በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ዛሬ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በደረጃ ተከፍሎ ይሰጣል። ሠልጣኙ ከፊሉን በትምህርት ቤት፣ ከፊሉን በሥራ ቦታ ይማርና በሙያ ብቃት ምዘና ይፈተናል። ለሰሜን ሸዋ ልጅ ቅርቡ ከተማ ደብረ ብርሃን ነው፤ የብርድ ልብስና የቢራ ፋብሪካዎች ስላሉበት ለባለሙያ ሥራም አለው።

፮. ንቀቱን እንተው

ማረሻና ማጭድ የሚሠራልንን ሰው «ቡዳ»፣ «ቀጥቃጭ» ብለን ስንሰድብ ኖረናል። በማረሻው አርሰን እየበላን ሠሪውን ከማዕዳችን አራቅነው። ዐፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መሳደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ነገር ግን ንቀት በአዋጅ ብቻ አይጠፋም። ዛሬም «ልጄ ቢሮ ይግባልኝ እንጂ ቅባት አይንካ» የሚል ወላጅ አለ። ሴት ልጅ ደግሞ ይህን ትምህርት ልማር ስትል ይሳቅባታል። ወፍጮ ሲቆም ከሁሉ በላይ የምትቸገረው ሴት ሆና ሳለ ጥገናውን እንዳትማር መከልከል ምን ይባላል?

ሌላም ልማድ አለን፤ መሣሪያ ካልቆመ ባለሙያ አንጠራም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ቅባቱን በጊዜው ማየት፣ የላላውን ቡሎን ማጥበቅ፣ የሳሳውን ቺንጋ ሳይበጠስ መለወጥ ከትልቅ ወጪ ያድናል። ይህን ለማድረግ ከመሣሪያው ጋር የሚመጣውን መመሪያ ማንበብ ያስፈልጋል። ፊደል የቆጠርነውም ለዚህ ጭምር ነው።

ጥያቄዎች

1. መሐንዲስ፣ ቴክኒሽያንና የእጅ ባለሙያ በምን ይለያያሉ?
2. የሞተሩ ፑሌጃ 120፣ የወፍጮው 360 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ቢዞር፣ ወፍጮው ስንት ጊዜ ይዞራል?
3. የናፍጣ ሞተር በደጋ ለምን ይደክማል?
4. በቀበሌያችሁ ያለው ወፍጮ ወይም የውኃ ፓምፕ ሲበላሽ ማን ይጠራል? ከየት ይመጣል? ተወያዩበት።